ደብረ ማርቆስ ላይ የዌልስ ፓንክ የሚገለብጥልኝ ቤት

እህቴ የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ነው የምትኖረው። ለፋሲካ ስትመጣ ሁለት ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከር) ሸክላ ይዛልኝ መጣች። ዋጋቸውን ብጠይቃት "ተወው፣ እናታችን እንዳትሰማ" አለችኝ።

አንደኛው ከላኔሊ አካባቢ የተነሱት የፓንክ (ፈጣን፣ ጩኸት የበዛበት ሮክ) ባንድ የሊጎድ ፈርኒግ የ1978 ሸክላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ስማቸው "ቁጡ አይጦች" እንደ ማለት ነው። የስማቸው መነሻ ድምፅ ምላስን ላንቃ ላይ ለጥፎ በጎን እፍ በማለት ነው የሚወጣው። በኛ ፊደል የለም፣ "ሊ" ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው የስዋንዚ ሸለቆ ልጆቹ ትሩይናይ ኮኽ፣ "ቀይ አፍንጫዎች" ነው። "ኽ"ን እንኳ እኛም አለን። ጊታራቸው የፓንክ ነው፣ ዜማቸው ግን አፍ ላይ ይቀራል። ፓወር ፖፕ የሚሉት ይሄንን ነው።

እንግዲህ እነዚህን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ፈለግሁ። ለጓደኞቼ ማካፈል አለብኝ፣ ሸክላውን ግን ለማንም አላውስም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ቤት አለች። ባለቤቱ ስድሳ ያለፉ አባት ናቸው። አንዱን ገጽ በ100 ብር ይገለብጣሉ። የፓንክ ዘፈን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። በደቂቃ ቢያስከፍሉ ኖሮ ምንኛ ባተረፍኩ!

ጥንቃቄያቸውን ወድጄዋለሁ። መርፌውን በትንሽ ብሩሽ ጠረጉ። ሸክላውን ለባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ተከትለው አበሱት። "አረቄ አይሻልም?" ብዬ ለቀልድ ብጠይቃቸው ተቆጡ። በጥንቶቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ቀልድ የለም ለካ፤ የተሠሩበት ሸላክ የሚባል ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሸክላውን ትቼ ሄድኩ፣ በማግስቱ ፍላሹን ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ ብከፍተው አንድ ጎረምሳ እንደ በሬ ያገሳል። ባለ 45 ዙሩን በ33 ነው የገለበጡት! ተመልሼ ስነግራቸው "ልጄ፣ እኔ እኮ ቋንቋው እንዲያ መስሎኝ ነው" አሉኝ። ምን ይባላል? እንደገና ሲገለብጡ መሃል ላይ መብራት ሄደ። በሦስተኛው ተሳካ፤ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁኝም። እናንተም ብትሄዱ ቆማችሁ አስገልብጡ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያዙት።

ስንጠብቅ ወሬ ጀመርን። ሳይን የተባለው የዌልስኛ ሙዚቃ አሳታሚ በ1969 ካርዲፍ ውስጥ እንደተቋቋመ ነገርኳቸው። አምሃ እሸቴም አምሃ ሬኮርድስን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ያውም ሸክላ የማሳተም መብቱ የአገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ በነበረበት ጊዜ። በኋላ የዌልስ ፓንከኞችም ሌላ ሰው እስኪያሳትምላቸው አልጠበቁም። ቀይ አፍንጫዎቹ ስግዋር የሚል የራሳቸው ማሳተሚያ ነበራቸው። አንህሬቭን የተባሉት ደግሞ በ1980ዎቹ በገዛ ስማቸው ከፍተው የሌሎችንም አወጡ። አባት ዝም ብለው ሰሙኝና "ደፋር ልጅ የትም አይጠፋም" ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ድምፁ ጥሩ ወጥቷል። ጭረቱ እዚህም እዚያም ይሰማል፣ ግን አልጠረጉትም፤ እኔም እንዲጠረግ አልፈለግሁም። ፍላሹ ላይ የዘፈኖቹን ስም አይጽፉም፣ "ትራክ 1፣ ትራክ 2" ብቻ ነው። ያ አናደደኝ።

ለራሳቸው አንድ ቅጂ ላስቀር ሲሉኝ እሺ አልኳቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሳልፍ የቁጡ አይጦቹን ከፍተው ቴፕ ይበይዳሉ። ከጎዛምን ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ አንድ ገበሬ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጣሉ።

"ጎበዝ፣" አሉ፣ "ይሄ የየት አገር ቀረርቶ ነው?"