ባለ 25 ሚሊሜትር የእንፋሎት ግፊት መቀነሻ ቫልቭ፦ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

አዲስ አበባ ለሚገኘው የሆቴላችን ላውንደሪ መጀመሪያ ከአንድ አስመጪ የገዛነው በፓይለት (ዋናውን ቫልቭ በሚቆጣጠር ትንሽ ቫልቭ) የሚሠራ ቫልቭ፣ ከቦይለሩ በ8 ባር የሚመጣውን እንፋሎት ለአንሶላ መተኮሻ ማሽኖቹ ወደ 3 ባር እንዲያወርድ የታሰበ ነበር። በዕቃው ጥራት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ አስመጪው መጠኑን በመረጠበት መንገድ ላይ ነው። የማሽኖቹን ፍጆታ ሳይጠይቅ፣ ቱቦው 50 ሚሊሜትር በመሆኑ ብቻ ባለ 50 ቫልቭ አስረከበን።

ማሽኖቹ ሁሉ አብረው ሲሠሩ የሚወስዱት እንፋሎት በሰዓት 600 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የከተማችን የአየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ፣ በጌጁ 8 እና 3 ባር የሚነበበው በፍጹም ግፊት (የአየሩ ግፊት ሲደመርበት) 8.77 እና 3.77 ባር ነው፤ የባሕር ጠለልን መነሻ በሚያደርጉ ሠንጠረዦች የሚሠራ ሰው ይህችን ልዩነት ይረሳታል። የመውጫው ፍጹም ግፊት ከመግቢያው ግማሽ በታች ስለሆነ እንፋሎቱ በቫልቩ ጉሮሮ የድምፅ ፍጥነት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የመውጫውን ግፊት ይበልጥ ማውረድ ፍሰቱን አይጨምረውም። በዚህ ሁኔታ በሰዓት የሚያልፈው ኪሎ ግራም፣ 12 በቫልቩ ኬቪ (የማሳለፍ አቅሙ መለኪያ) እና በመግቢያው ፍጹም ግፊት ተባዝቶ በግምት ይገኛል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ኬቪ 5.7 ሲሆን የተሰጠን 28 ነበር። አምስት እጥፍ ገደማ የበለጠው ቫልቭ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ለጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ግፊቱ ይዋዥቅ ነበር፤ በዚያች ጠባብ ክፍተት የሚወረወረው እርጥብ እንፋሎትም በአምስት ወር ውስጥ መቀመጫውን ቦረቦረው። ማሽኖቹ በቆሙበት ሌሊት በተቦረቦረው መቀመጫ ባመለጠው እንፋሎት ግፊቱ ጨምሮ የደኅንነት ቫልቩ ሲተነፍስ ነው ነገሩ የገባን።

በራሳችን ስሌት ያዘዝነው የዚያው አምራች ባለ 25 ቫልቭ ኬቪው 8 ነው፤ ዋጋውም ከፊተኛው ያነሰ ነው። ዛሬ በአሥረኛ ወሩ ጌጁ ከ3 ባር እምብዛም አይርቅም። ቴክኒሺያኖቻችንን ያስገረማቸው ግን ባለ 25 ቫልቭ ከባለ 50 ቱቦ ተነሥቶ ወደ ባለ 65 ቱቦ መግባቱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ከ0.22 ወደ 0.49 ሜትር ኩብ ስለሚሰፋ፣ መውጫው 50 ሆኖ ቢቀር ፍጥነቱ በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ይሆን ነበር፤ አሁን 25 ነው፣ ጩኸቱም ቀንሷል። ከቫልቩ በፊት የውሃ መለያ ከነስቲም ትራፑ (እንፋሎቱን ይዞ ውሃውን ብቻ ከሚያስወጣው ዕቃ ጋር) አስገብተናል፤ ማጣሪያውንም ውሃ እንዳያቁር በጎኑ አስተኝተነዋል።

የቀረው ቅሬታ መለዋወጫ ነው፤ የፓይለቱ ዲያፍራም (በግፊት የሚታጠፍ ስስ ሽፋን) ከታዘዘ ሁለት ወር አልፎታል፣ እስካሁንም አልደረሰም።