ቦይ፣ ርጭት ወይስ ጠብታ? ኮምቦልቻና ደሴ ላይ የቱ ያዋጣል

ለመስኖ ዕቃ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ስሌት እንሥራ። በበጋ አትክልት በቀን በካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል እንበል። ለሩብ ሄክታር 12,500 ሊትር መጣ። ችግሩ የለቀቃችሁት ውሃ ሁሉ ሥር ጋ አለመድረሱ ነው። በተለመደው ቦይ 60 በመቶው፣ በርጭት 75፣ በጠብታ (ቀዳዳ ባለው ጎማ ሥሩ ጋ እየተንጠባጠበ) 90 በመቶው ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በቦይ ወደ 21,000 ሊትር፣ በርጭት ወደ 17,000፣ በጠብታ ወደ 14,000 ሊትር መሳብ ይኖርባችኋል።

በሞተር ለሚስብ ሰው ይህ ልዩነት ነዳጅ ነው። ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ በራሱ ለሚወርድለት ግን ኪሱ ላይ ቶሎ አይታይም። እንዲህ ላለው ሰው መጀመሪያ ቦዩን ማሻሻል ይሻለዋል፦ ትልሙን ማሳጠር፣ ማሳውን ማስተካከል፣ አንዱን ትልም ዘሎ አንዱን ማጠጣት፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ የተዘለለውን። ወጪው ጉልበት ብቻ ነው።

ጠብታ የሚያምርበት ቲማቲምና ቃሪያ ላይ ነው። መስመራቸው ሰፋ ስለሚል ብዙ ጎማ አይፈጅም። ሽንኩርት ተጠጋግቶ ስለሚተከል ጎማው ይበዛል፣ ሒሳቡም አብሮ ይጨምራል። ለጤፍስ? አታስቡት።

ከቦርከና የምትስቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ወንዙ ደለል ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ የከተማ ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽም ይዞ ይወርዳል። የጠብታ ቀዳዳ ደግሞ ጠባብ ነው፣ በቀላሉ ይደፈናል። ውሃውን መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝታችሁ፣ ቀጥሎ በ120 ሜሽ ፊልተር (በአንድ ኢንች 120 ቀዳዳ ባለው ወንፊት) አሳልፉት። ፊልተሩን ማጠብ የሚሰለቸው ሰው ጠብታ ባይገዛ ይሻለዋል። በዚህ ውሃ ርጭት መጠቀምን ግን ጨርሶ አልመክርም። ሰላጣና ቆስጣ ላይ ቆሻሻውን በቀጥታ ማርከፍከፍ ነው። ጠብታ ቅጠሉን ያድናል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ካለ ግን እሱን ፊልተሩም አያስቀረውም።

ርጭት በንጹህ ውሃ ለችግኝና ለካሮት መደብ ጥሩ ነው። ነፋስ ሲበዛ ይበተናል። ቲማቲም ላይ ደግሞ ቅጠሉን እያረጠበ በሽታ ይጋብዛል።

ደሴ ላይ ነገሩ ይለያል። ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል፣ አትክልቱም ከኮምቦልቻው ያነሰ ይጠጣል። ተዳፋቱ ደግሞ ሀብት ነው። ሮቶውን ከላይኛው እርከን ላይ ብታስቀምጡት ያለ ሞተር ግፊት ታገኛላችሁ፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ጎማዎቹን ግን ቁልቁል ሳይሆን አግድም ዘርጉ፣ አለበለዚያ የታችኛው ጫፍ ሲጨቀይ የላይኛው ይጠማል።

ስለ ሮቶ ካነሳን፣ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በቀን አንዴ ቢሞላ በዚያው በ5 ሊትር ስሌት፣ በጠብታ 90 በመቶው ሲደርስ፣ 180 ካሬ ሜትር ገደማ ነው የሚያጠጣው። ለጓሮ ይበቃል። «ይሄ ለሩብ ሄክታር ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሞክሩ።

የጎማውን ውፍረትም ጠይቁ። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነው ስስ ጎማ ርካሽ ነው፣ ግን በኩትኮታ ጊዜ በቀላሉ ይቆረጣል፣ አይጥም ይበላዋል። ማያያዣና መድፈኛውን ለብቻ ከማይሸጥላችሁ ሱቅ አትግዙ፤ አንዷ ማያያዣ ብትሰበር መስመሩ ሁሉ ይቆማል።