ላስቲክ ወይስ ጭድ? ለአትክልት መደብ የሚሆን ጉዝጓዝ

ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው መደቡ ላይ ላስቲክ ላንጥፍ ወይስ ጭድ ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ፤ አረምም ያፍናሉ።

ዋጋ፦ ላስቲክ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ጭድ ከአውድማ ይገኛል፤ ግን ከብቱም ይፈልገዋል። መኖ ሲወደድ መሬት ላይ መበተኑ ያሳሳል። ያኔ የማሽላ ቅጠል ወይም ዘር ያልያዘ ሳር ይተካዋል።

ሥራ፦ ላስቲክ አንዴ ከተዘረጋ በቃ። ጭድ ግን ከሳሳ አረም ያልፈዋል፣ አራት ጣት ያህል ይወፍር። ቆላ ላይ ጭዱን የሚበላ ምስጥም አለ።

አደጋ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ስሱን ላስቲክ ፀሐይ ያደርቀዋል። ምርት ተነስቶ ስትስበው እጅህ ላይ ይፈረካከሳል። ቁርጥራጩ አብሮ ይታረሳል፣ እየደቀቀም ይሄዳል። ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ለቅሞ ያወጣዋል? በብዛት ሲጠራቀም የአፈሩን የውሃ አያያዝ ያውካል፣ የምድር ትልንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ደግሞ በጣም ደቃቁ በሰላጣና በስንዴ ሥር ሲገባ ታይቷል። ጭድ ግን በስብሶ ራሱ አፈር ይሆናል።

ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ጭድ ይመቻል፣ አፈሩን ያቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ችግኝ ካስቸገረና አፈሩ መሞቅ ካለበት ላስቲክ ያስኬዳል። ግን ወፍራሙን ግዛ። ሳይሰባበር ጠቅልለህ አውጣው። ከአፈሩ ጋር አትረሰው፣ አታቃጥለው።