ባለ 1.4 ስፕሬይ ጋን ከባለ 50 ሊትር ኮምፕሬሰር ጋር፦ ከስምንት ወር በኋላ

በዚህ የቀለም መርጫ በስምንት ወር ሁለት የመኪና ፓራፋንጎ፣ አንድ ኮፈንና አራት በር ተቀብቶበታል። ጋኑ ኩባያው ከላይ የሚታሰር፣ ኖዝሉ (ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ) 1.4 ሚሊሜትር የሆነ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ከዋጋው በላይ ይሠራል። ችግሩ አየሩ ነው።

ኮምፕሬሰሩ 2 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ላዩ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር ተጽፎበታል። ይህ የሚስበው እንጂ ጨምቆ የሚሰጠው አይደለም፤ የሚሰጠው በጣም ያንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች ደግሞ አየሩ ራሱ የሳሳ ነው፤ ከአምስት አንድ እጁ ከዚያው ይጎድላል። ጋኑ ግን በ2 ባር ግፊት ሲሠራ በደቂቃ 300 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። በሩ ግማሽ ላይ ሲደረስ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ይወርዳል፤ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ ላይ የሚቀባው የሚያብለጨልጭ ግልጽ ሽፋን፣ ሳይደቅ በትልልቅ ጠብታ ያርፍና የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ያኔ ቲነር መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ክሊሩ ቀጥኖ ይወርዳል፣ ልጣጩ ግን አይጠፋም። የሚሻለው ታንኩ እስኪሞላ መታገስ፣ ውስጡ 6 ሚሊሜትር የሆነውን ቱቦ በ10 መለወጥ፣ ግፊቱንም ጋኑ ሥር፣ ምላጩ (በጣት የሚሳበው) ተስቦ እያለ ማንበብ ነው። ለበርና ለፓራፋንጎ ብቻ ከሆነ ባለ 1.0 ትንሹን ጋን መግዛት ይመረጣል፤ አየር የሚበላው ከግማሽ በታች ነው። ሙሉ መኪና በዚህ ኮምፕሬሰር አይታሰብ።

ክረምት ላይ በታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ እንዲወጣ ማፍሰሻው ከሥራ በፊት ሁልጊዜ ይከፈት። ከአየሩ ውሃ የሚለየው ማጣሪያ ብቻውን አይበቃም።

በአምስተኛው ወር ቀለሙ እየተቆራረጠ መውጣት ጀመረ። ምክንያቱ የኩባያው ክዳን ላይ ያለችው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻ በደረቀ ክሊር መደፈኗ ነበር። የሚረጨው ቅርጽ ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ የአየር ቆቡን (ኖዝሉን የሚከብበውን ክዳን) ግማሽ ዙር አዙሮ ካርቶን ላይ መሞከር ነው፦ ጉብጠቱ አብሮ ከዞረ የቆሸሸው ቆቡ ነው፤ ካልዞረ ኖዝሉ ነው።

ጋኑ የሚወቀስበት ብዙ ጥፋት ግን የሚመጣው ከቀለሙ ሥር ካለው ዝግጅት ነው። ለ100 ግራም ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ) 2 ግራም ማድረቂያ ይበቃል፤ ሲበዛ ከወራት በኋላም ቢሆን ቀለሙን ሰርጎ ነጠብጣብ ያወጣል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው) የተፋቀ ስቱኮ በ180ና በ320 ሳይፋቅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) ከተቀባ ጭረቱ ተመልሶ ይታያል። ፕራይመሩ በ600 በውሃ ይፋቃል።

የክሊር ማድረቂያ አይሶሲያኔት የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለው፤ የአቧራ ጭምብል አያስቆመውም፣ ሳንባን ለዘለቄታው ያስቆጣል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ከሌለ ክሊሩን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ጋኑን ሙሉ በሙሉ ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር የመርፌውን ማሸጊያ ያደርቀዋል፤ ከምላጩ ኋላ ቀለም ማንጠብ የሚጀምረው በዚህ ነው። ኖዝሉን፣ መርፌውንና ቆቡን ብቻ ፈትቶ በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ፣ መርፌው ላይም ሲመለስ ሲሊኮን የሌለበት ቅባት ጠብ ማድረግ።