ይቺ ቢጫ የውሃ መለኪያ ፔን ትገዛ አትገዛ? አንድ ክረምት በበሬሳ ወንዝ ዳር ይዘናት ዞረናል

ይቺን ቢጫ ፔን ሳታዩዋት አትቀሩም። በቴሌግራም የምትሸጠዋ፣ ፒኤች (አሲድነት)፣ ቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን)፣ ኢሲና ሙቀት አራቱንም ትለካለች የምትባለዋ፣ ሻጩ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ነክሯት 120 ስታሳይ «ንፁህ»፣ ጨው የበጠበጠበት ብርጭቆ ውስጥ ነክሯት 900 ስትል «መርዝ!» እያለ ቪዲዮ የሚለቅባት። እኛ የአካባቢ ምህንድስና ተማሪዎች ነን፣ ጨው መርዝ እንዳልሆነ ለማወቅ ደግሞ ዲፓርትመንት መግባትም አያስፈልግም፣ ግን አቅማችን የፈቀደው እሷን ስለነበር ሶስት ሆነን የወር የካርድ ብራችንን አዋጥተን ገዛናት። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ለጭቃ ይዘናት ዞረናል፣ ሳጥኑን ከፍቶ ሁለት ቀን ነካክቶ እንደሚፅፍ ሰው አይደለም የምፅፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንማረው ሌላ ከተማ ነው፣ ግን እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ አንዱ ጓደኛዬ የጫጫ፣ ሌላው የሸዋ ሮቢት። ሶስተኛ አመት ጨርሰን ክረምቱን ቤት ተኝተን ከምናሳልፍ ለመመረቂያ ፅሁፍ የሚሆን ዳታ እንሰብስብ ተባባልን፣ የበሬሳ ወንዝ ከከተማው በላይና በታች፣ ከዛ ደግሞ ሰው የሚቀዳባቸው ምንጮች፣ ባጠቃላይ ስምንት ቦታ። አሜሪካ ቢሆን ኤንኤስኤፍ የሚባለው የሳይንስ ተቋማቸው አርኢዩ በሚል ፕሮግራም የዲግሪ ተማሪዎችን ለአስር ሳምንት አካባቢ እየከፈለ ላብራቶሪ ውስጥ ያሰራቸዋል (ለማመልከት አትድከሙ፣ ለዜጎቻቸውና ለቋሚ ነዋሪዎቻቸው ነው፣ እኔ አንድ ምሽት ሙሉ አቃጥዬበታለሁ)። የኛ ክፍያ እናቴ የምትቋጥርልን ቆሎ ነበር። አድቫይዘራችን ግን እግዜር ይስጣቸው የኦክስጅን መለኪያና ትንሽ ኬሚካል አዋሱን።

ፔኗ በሚኒባስ ተልካ መናኸሪያ ሄደን ከረዳቱ ተቀበልን። ሳጥኑ ውስጥ ሶስት ከረጢት ዱቄት አለ፣ 4.00፣ 6.86 እና 9.18 የሚል የተፃፈበት፣ ለፒኤች ካሊብሬሽን (ማስተካከያ) ነው፣ እያንዳንዱ 250 ሚሊ ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ዲስትልድ ውሃ ከየት ይምጣ? ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ገዛን፣ እና የፔኗን የመጀመሪያ ጥቅም ያገኘነው እዚህ ጋ ነው፣ ነከርናት፣ 2 አለች። አሪፍ። ከሌላ ሱቅ የገዛነው «የባትሪ ውሃ» ግን ከቧንቧው እኩል አነበበ፣ ማለትም ሰውዬው ቧንቧውን ከፍቶ ሃይላንድ ሞልቶ ነው የሸጠልን። ብቻ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በአንድ አይነት ጀሪካን አጠገብ ለአጠገብ ስለሚቀመጡ ስትገዙ አደራ።

ለኢሲ ማስተካከያ የሚሆን ግን ምንም አልላኩም፣ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ኢሲ ማለት ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ያስተላልፋል ነው፣ ፔኗ በእውነት የምትለካው እሱን ነው፣ ቲዲኤስ የምትለው ቁጥር ኢሲውን በ0.5 ወይም በ0.7 አካባቢ አባዝታ የምታወጣው ግምት እንጂ ሌላ መለኪያ የላትም። ስለዚህ ኢሲው ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ። መፍትሄው 0.746 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ማሟሟት ነው፣ በ25 ዲግሪ 1413 (ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር) ማንበብ አለባት። 0.746 ግራም የሚመዝን ሚዛን ደብረ ብርሃን ላይ ማን አለው? ወርቅ ቤት። ነጭ ዱቄት በላስቲክ ይዘን ገብተን «ጋሼ ይቺን ይመዝኑልን» ስንላቸው ሰውዬው መነፅራቸውን አውልቀው አንዴ ዱቄቱን አንዴ እኛን ያዩበት አስተያየት እስከዛሬ ያስቀኛል። መዘኑልን ግን፣ ብርም አልተቀበሉን። ፔኗ 1413 ማለት ሲገባት 1520 አለች፣ አስተካከልናት፣ ከዛ በኋላ ኢሲዋ ክረምቱን ሙሉ አልተንገዳገደም፣ በዚህ በጣም አመስግኛታለሁ።

ፒኤቿ ነው ያስለቀሰን። ጫፏ ላይ ያለችው የመስታወት እንቡጥ እርጥብ ሆና መኖር አለባት፣ ሽፋኗ ውስጥ የፖታሲየም ክሎራይድ መፍትሄ ጠብ አድርጎ መክደን ነው፣ በዲስትልድ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ደግሞ ጭራሽ ያበላሻታል። እኛ ፍልሰታ ሲገባ አንድ ሳምንት አረፍንና ደረቋን ረሳናት፣ ስንመለስ 6.86 የሆነውን 7.3 አለችን። አንድ ሌሊት ዘፍዝፈናት ተመለሰች፣ ግን እንደድሮዋ አልሆነችም፣ በየሁለት ቀኑ ካሊብሬት ካልተደረገች ትዋሻለች። በዛ ላይ የክረምት ምንጭ ውሃ የሟሟ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ለማንኛውም የፒኤች ኤሌክትሮድ ያስቸግራል፣ ቁጥሩ 6.9፣ 7.0፣ 7.2 እያለ ይንሸራሸራል፣ እጃችን በብርድ ደንዝዞ ቆመን እንጠብቃለን። ሸዋ ሮቢት ወርደን ስንለካ ቶሎ ረጋች፣ ቆላው ተስማምቷታል።

ሌላ ደግሞ ማንም ያልነገረን ነገር፣ ፔኗን ከጃኬት ኪስ አውጥታችሁ ጠዋት በረዶ የመሰለ ውሃ ውስጥ ስትከቷት ወዲያው የምታሳየውን አትፃፉ። ኢሲውን ወደ 25 ዲግሪ ቀይራ ነው የምታሳየው፣ በየአንዱ ዲግሪ ሁለት ፐርሰንት አካባቢ ታስተካክላለች፣ ግን የሙቀት ሴንሰሯ ዘገምተኛ ነው፣ ውሃው 11 ሆኖ እሷ ገና 19 ላይ እያለች ብትፅፉ ከ15 ፐርሰንት በላይ ተሳሳታችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ዳታችን በዚህ ምክንያት ተጥሏል። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ቁጠሩ፣ ከዛ ፃፉ።

አሁን ዋናው ነገር። ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት በሬሳ ሞልቶ ወረደ፣ ቡና በወተት ነው የሚመስለው፣ ቅርንጫፍ፣ ላስቲክ፣ አንድ ጫማ ሳይቀር ይዞ። ነከርናት። ባለፈው ሳምንት ጥርት ብሎ ሲወርድ ካነበበችው ባነሰ ቁጥር አነበበች! በሷ ሂሳብ ወንዙ ፀድቷል። የጫጫው ጓደኛዬ ተበላሽታለች ብሎ ሊወረውራት ነበር። አልተበላሸችም፣ የዝናብ ውሃ እምብዛም ማዕድን ስለሌለው የሟሟውን አቅጥኖታል፣ ጭቃው ደግሞ ተንሳፍፎ ነው እንጂ ሟሙቶ አይደለም ያለው፣ ፔኗ ጭቃ አታይም። ድፍርስነት የሚለካበት ሌላ እቃ ነው፣ እኛ ግልፅ ቱቦ ስሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ክብ ለጥፈን ክቡ እስኪጠፋ ውሃ እየሞላን ነው የለካነው፣ ከዛች ፔን ይልቅ ለክረምት ወንዝ እሱ ብዙ ነገር ነገረን።

ጀርምስ? እሱንም አታይም። ቡሄ ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ምንጭ ላይ ሳምፕል ስንወስድ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «ልጆቼ፣ ምንድነው የምትጨምሩበት?» አሉን።

«ኧረ ምንም አንጨምርም እማማ፣ እየለካን ነው።»

«እና እቃችሁ ይጠጣል አለ አይጠጣም?»

ፔኗ ቲዲኤሱን 84 ነው የምትለው። በቪዲዮው ሰውዬ ህግ ከሆነ ከታሸገ ውሃ እኩል ነው፣ ጓደኛዬ አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዝኩት። የአለም ጤና ድርጅት ስለቲዲኤስ የሚለው የጣዕም ነገር ነው፣ በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች ጥሩ ይጣፍጣል፣ ከ1000 ካለፈ እያስጠላ ይሄዳል፣ በቃ። የመጠጥ ውሃ የሚፈረደው ግን 100 ሚሊ ውስጥ አንድም ኢኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) እንዳይገኝ ነው፣ ፍሎራይድም ይታያል፣ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው ገደቡ፣ ፔኗ ግን ከሌላው ጨው አትለየውም። «እማማ ነገ ተነገ ወዲያ መጥተን እንነግርዎታለን» አልናቸው።

ያን ውሃ ኤችቱኤስ የሚባለው ጠርሙስ ውስጥ ሞላነው፣ ውስጡ የተነከረ ወረቀት አለው፣ ከአንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎች ካሉ ይጠቁራል። ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ የደብረ ብርሃን ነሐሴ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ጠርሙሶቹን የሞቀ ውሃ ከተሞላ ሃይላንድ ጋር በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልለን እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ክፍል አስተኛናቸው። እናቴ «ልጅ ወልዳችኋል እንዴ» አለች። በሁለተኛው ቀን የሴትየዋ ምንጭ እንደ ከሰል ጠቁሮ አገኘነው። ሄደን ነገርናቸው፣ አፍልተው ይጠጡ አልናቸው፣ (እዛ ከፍታ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ እሱም ይበቃል፣ ከተንተከተከ ሶስት ደቂቃ ማቆየት ነው፣ ፔኗን ግን ፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትከቷት።) እሳቸውም «እንጨቱንስ አንተ ታመጣልኛለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ውሃው ድፍርስ ስላልነበር ክሎሪን ይሰራለታል፣ በማግስቱ ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን አንድ ገዝተን ወሰድንላቸው፣ ሽታውን አልወደዱትም።

ስለከፍታ ካነሳን፣ ፔኗ ኦክስጅን አትለካም፣ የተዋስነው መለኪያ ደግሞ ከፍታ ካልነገራችሁት ይዋሻል። በ15 ዲግሪ ውሃ ባህር ጠረፍ ላይ 10 ሚሊግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ላይ ግን 7 አካባቢ ነው ጣሪያው። እኛ ከፍታውን ሳናስብ 7 ስናነብ «ወንዙ ታሟል» ብለን ግማሽ ገፅ ፅፈን ነበር፣ አድቫይዘራችን በቀይ ሰረዙት።

ወደ ፔኗ ልመለስ። «ውሃ አያስገባም» ብለው ነው የሸጡልን፣ አንዴ ድንጋይ ላይ አዳልጦኝ ከነእጄ ገባች፣ ዲስፕሌይዋ ውስጥ ጉም ሰራ። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ሩዝ ውስጥ እንክተታት ሲል ሩዝ ቤት ስላልነበረ እናቴን ጤፍ ጠየቃት፣ ያየችውን አስተያየት ተዉት። ባትሪዎቿን አውጥተን ምጣዱ አጠገብ አደረቅናት፣ የላስቲክ ቀለበቷን ባዝሊን ቀብተን መልሰን ገጠምን፣ ሰራች። ባትሪዋ የሰዓት ባትሪ ነው፣ አራት ትፈልጋለች፣ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ መለዋወጫ ያዙ።

ሻጮቹን በተመለከተ፣ ብር እስክትልኩ ድረስ በደቂቃ ይመልሳሉ፣ ከላካችሁ በኋላ ኦንላይን ናቸው ግን አይመልሱም። ስለጉሙ ፎቶ ልኬ ዋስትና የተባለው የታለ ብላቸው «ውሃ ውስጥ ከተሃት ነው» አሉኝ። የውሃ መለኪያ ሌላ የት ልክተታት?

ከአስር ስድስት እሰጣታለሁ፣ ስድስቱም ለኢሲዋ ነው። ወንዝ ዳር ወርዶ ከዚህ ቦታ እስከዛ ቦታ ምን ተቀየረ፣ የት ጋ ነው ሌላ ነገር የተቀላቀለበት የሚለውን ለማደን ለተማሪ ኪስ እሷን የሚያክል አላየሁም፣ ቁጥሩ ዘለል ያለበት ቦታ ላይ ነው ውዱን የላብራቶሪ ሳምፕል የምትወስዱት። የቤታችሁ ውሃ ይጠጣል አይጠጣም ለማወቅ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። ፒኤች ብቻ ከፈለጋችሁ ኤሌክትሮዱ የሚቀየርለትን ግዙ፣ የኛዋ አይቀየርላትም፣ እንቡጧ ስትሞት ፒኤቿ አለቀ።

እንሸጣለን ወይ ላላችሁኝ፣ አንሸጥም። መስከረም ገብቶ ወንዙ ሲጠራ እነዛኑ ስምንት ቦታዎች መልሰን እንለካለን።