ወላጅን ወደ አውስትራሊያ ለማምጣት የትኛው ቪዛ ይሻላል፦ 103፣ 143 ወይስ 870?

እናት ወይም አባትን አውስትራሊያ ለማምጣት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ክፍያው ነው። ከክፍያው በፊት ግን ወንድምና እህት ተሰብስባችሁ «እናታችን ስንት ልጆች አሏቸው? እያንዳንዳችንስ የት ነን?» ብላችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልሞላ 103ም 143ም አይሆኑም፤ ገንዘብ ቢኖራችሁም።

ሁለቱም ቋሚ መኖሪያ የሚያስገኙ ቪዛዎች ናቸው፤ ሁለቱም የቤተሰብ ሚዛን የሚባል መስፈርት አላቸው። ከወላጅ ልጆች ቢያንስ ግማሹ አውስትራሊያ ውስጥ በቋሚነት መኖር አለበት። ግማሽ ካልሞላ፣ አውስትራሊያ ያሉት በሌላ በየትኛውም አንድ አገር ካሉት መብለጥ አለባቸው።

አምስት ልጆች ያሏቸውን እናት እንውሰድ። ሁለቱ ሜልበርን፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዋሽንግተን። ሜልበርንና አዲስ አበባ እኩል ስለሆኑ አያልፉም። ከአዲስ አበባዎቹ አንዱ ቶሮንቶ ሄዶ ኑሮውን እዚያ ቢያደርግ ግን ያልፋሉ፤ ሜልበርን ሁለት፣ ሌላው ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ይሆናል። ሁለት ልጅ ብቻ ያላቸው ወላጅ ደግሞ አንዱ አውስትራሊያ ካለ ይበቃል።

በኛ ቤተሰብ ነገሩን የሚያወሳስበው ማን ይቆጠራል የሚለው ነው። የእንጀራ ልጅ ይቆጠራል። ጉዲፈቻም ይቆጠራል። አባት ከሌላ እናት የወለዱት፣ ከተለያየ ብዙ ዓመት የሆነው ወንድምም ይቆጠራል። ሜልበርን በተማሪ ቪዛ ያለች እህት ግን ቋሚ ነዋሪ ስላልሆነች እንደ አውስትራሊያ ልጅ አትታይም። በሞት የተለየ ልጅ አይቆጠርም። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ተመዝግቦ ካምፕ ውስጥ ያለውም እንዲሁ። መስፈርቱ በልዩ ሁኔታ የሚታለፍበት መንገድ የለም። እናት ታማሚና ብቸኛ ቢሆኑም አይታለፍም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ስለዚህ «አንዱን ልጅ ሳንጽፍ ብንተወውስ?» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። እናንተ ራሳችሁ ወደ አውስትራሊያ ስትገቡ የሞላችሁት ፎርም ላይ ወንድምና እህቶቻችሁ ተጽፈው ይሆናል። ሁለቱ ፎርሞች ካልገጠሙ የእናት ማመልከቻ ሊወድቅ ይችላል፤ ጦሱ ለእናንተም ሊተርፍ ይችላል። ያለ ወረቀት ቤት ውስጥ ያደገ የዘመድ ልጅ ካለ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ጠበቃ ጠይቁ።

ቁጥሩ ከሞላስ? 103 ርካሽ ነው፣ ከ7,000 የአውስትራሊያ ዶላር ትንሽ አለፍ ይላል። ወረፋው ግን ከ30 ዓመት በላይ ነው። ዛሬ 65 ዓመት ለሞላቸው እናት ይህን አማራጭ ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። 143 ለአንድ ሰው ወደ 50,000 ዶላር ይጠጋል፤ አብዛኛው ግን የሚከፈለው መጨረሻ ላይ ቪዛው ሊሰጥ ሲል ነው። በዚያ ላይ ለ10 ዓመት የሚቆይ የድጋፍ ዋስትና አለ (ወላጅ የመንግሥት ድጎማ ቢወስዱ ዋሱ እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል ነው)፤ ለአንድ ወላጅ 10,000 ዶላር በባንክ ይያዛል። ይህ ሁሉ ሆኖ እሱም ከ10 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ምክንያቱ ኮታው ነው፦ ለሁሉም ቋሚ የወላጅ ቪዛዎች ተደምሮ በዓመት 8,500 ቦታ ብቻ ነው ያለው። 143ን የምመክረው ወላጆቻቸው ገና በሃምሳዎቹ ላሉ ልጆች ነው። እስከዚያው ወላጆች በጎብኚ ቪዛ እየመጡ እስከ 12 ወር ሊቆዩ ይችላሉ።

870 በ2019 የጀመረ ጊዜያዊ ቪዛ ነው። ልጅ አይቆጥርም። ለብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ በተግባር የሚሠራው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የሦስት ዓመቱ ወደ 6,000፣ የአምስት ዓመቱ ወደ 12,000 ዶላር ነው። በጠቅላላ እስከ 10 ዓመት ያስኖራል፤ በመካከል ግን ቢያንስ 90 ቀን ከአገር መውጣት ያስፈልጋል። ቅድሚያ ልጁ ስፖንሰር ሆኖ መጽደቅ አለበት፤ ገቢውም ከትዳር አጋሩ ጋር ተደምሮ በዓመት ወደ 83,500 ዶላር መድረስ አለበት። ወላጅ መሥራት አይችሉም። ሜዲኬር (የአውስትራሊያ መንግሥት የጤና ሽፋን) የላቸውም፣ የግል የጤና ኢንሹራንስ ይገዛላቸዋል። ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ወላጅ ይህን ወጪ ከቪዛው ክፍያ እኩል አስቡት። ወደ ቋሚ መኖሪያም አያሸጋግርም፤ «አንዴ ይግቡ እንጂ ሌላው ይደርሳል» ብላችሁ አትጀምሩት።

ለወንድም ወይም ለእህት የሚሆነው 115 የባሰ ጠባብ ነው። አመልካቹም የትዳር አጋሩም ከአውስትራሊያ ውጭ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሊኖራቸው አይገባም። አዲስ አበባ አንድ እህት ብቻ ብትቀር እንኳ ያበቃል፤ ወረፋውም በአሥርታት ነው የሚቆጠረው።

ምሳሌዬ ላይ ዋሽንግተን ያለችውን ልጅ አትርሷት። የአሜሪካ ዜጋ ከሆነችና 21 ዓመት ከሞላት ለእናቷ ማመልከት ትችላለች። አሜሪካ የልጅ ብዛት አይቆጥርም፤ ለዜጋ ወላጅም ዓመታዊ ኮታ የለም። የገቢ ማስረጃ ታቀርባለች። ሜልበርን ያላችሁ ልጆች ለ143 የምታጠራቅሙትን ገንዘብ ለእናት ማረፊያና ለጤና ኢንሹራንስ ብታዋጡ፣ አሜሪካ ቪዛውን ከሰጠቻቸው እናት መጀመሪያ ዋሽንግተን ይገባሉ፤ እናንተ ጋ ደግሞ በጎብኚ ቪዛ ይመጣሉ።