የተረፈ ሪባን፦ ለፀጉር ወይስ ለመስኮት?

እዚህ ጅማ ሠርግ ወይም ልደት ካለፈ በኋላ ቤት ውስጥ የሪባን ቁርጥራጭ አይጠፋም። እኔ አልጥለውም። ወይ የልጆች የፀጉር ጌጥ እሠራበታለሁ፣ ወይ ሲባጎ ላይ አስሬ መስኮት ላይ እሰቅለዋለሁ።

ለፀጉር የሚሆነው ሪባን ቁመት ይፈልጋል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቋጠሮው አያምርም። ጫፉም ይተረተራል፤ ስለዚህ ፖሊስተር ከሆነ፣ አብዛኛው የሚያብረቀርቀው ሪባን እንደዚያ ነው፣ ጫፉን ወደ ሻማ ጠጋ አድርጋችሁ ወዲያው መልሱት፣ ቀልጦ ይያያዛል። ጥጥ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት፣ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም። የጥጡን ጫፍ አጠፍ አድርጋችሁ በመርፌ ስፉት። ከዚያ መሐሉን በክር ጠበቅ አድርጎ አስሮ ፀጉር ማስያዣው ላይ መስፋት ነው።

የመስኮቱ ይቀላል። 10 ሴንቲ ሜትርም ይበቃዋል፣ ቀለሙ ባይገጥምም ግድ የለም፣ አጠጋግቶ ማሰር ብቻ። ግን ብዙ ሪባን ይበላል፣ አቧራም ይይዛል። በጅማ ክረምት ደግሞ ውጭ አይሆንም፤ ከውስጥ ስቀሉት፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ራቅ አድርጋችሁ።

ምረጪ ካላችሁኝ የፀጉሩን ነው። የጎረቤት ልጆች አድርገውት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሳይ ልቤ ይሞላል።